ዳን ሳይ፦ ስለ ግራው ኬላና ስለ ሁለቱ ነገሥታት ቃል ኪዳን

ዳን ሳይ የሚባለው ወረዳ በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሌይ ክፍለ ሀገር፣ ከላኦስ ጋር በሚዋሰነው ተራራማ ምድር ይገኛል። ትምህርታችንን ከስሙ እንጀምር፤ የቦታ ስም ብዙ ጊዜ የቦታውን ሥራ ይናገራልና። «ዳን» ማለት ኬላ ነው፤ መንገደኛ ቆሞ የሚጠየቅበት፣ ነጋዴ ጭነቱን የሚያስፈትሽበት ቦታ። «ሳይ» ማለት ግራ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «የግራ ኬላ» ይሆናሉ። ኬላ ደግሞ ያለ ድንበር አይቆምም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ይህ ኬላ የቆመው በማንና በማን መካከል ነው?

መልሱን ከነገሥታት ታሪክ ከመፈለጋችን በፊት ከተራራው ላይ እንፈልገው። ወረዳው 1,732 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከዚህ ውስጥ ሜዳ የሚባለው ጥቂት ነው። የቀረው ሸንተረርና ገደል፣ በመካከሉም ጠባብ ሸለቆ ነው። ሰው የሰፈረውና ሩዝ የሚዘራው በሸለቆው ውስጥ፣ ናም ማን በሚባለው ወንዝ ዳርና ዳር ነው። «ናም» ውኃ ማለት ነው። ናም ማን ወደ ሰሜን ወርዶ ናም ሁአንግ ከሚባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ የሚቀላቀሉበት ቀበሌም ፓክ ማን፣ «የማን አፍ» ይባላል። ናም ሁአንግ ዛሬ በታይላንድና በላኦስ መካከል ድንበር ሆኖ ይፈስሳል፤ ከዚያም ወደ ታላቁ ሜኮንግ ይገባል፤ ሜኮንግም የላኦስን ዋና ከተማ ቪየንትያንን አልፎ፣ በካምቦዲያና በቬትናም በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል።

ይህ የሰሜኑ ውኃ ነው። አሁን ፊታችንን ወደ ደቡብ እናዙር። በዚያው በዳን ሳይ ተራሮች ላይ ሌላ ወንዝ ይመነጫል፤ ስሙ ፓ ሳክ ነው። ፓ ሳክ ለናም ማን ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ የፔቻቡንን ክፍለ ሀገር ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቃል፤ በሎፕቡሪና በሳራቡሪ በኩል ያልፋል፤ 500 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ጉዞ በኋላም አዩትያ ከተማ ደርሶ፣ ምሥራቃዊ ጎኗን ታክኮ፣ ከቻው ፍራያ ወንዝ ጋር ይገናኛል። አዩትያ ደግሞ ከ1351 እስከ 1767 ድረስ የሲያም መንግሥት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ከአንድ ደመና የወረደ ዝናብ ከሸንተረሩ ወዲህ ካረፈ በቪየንትያን ደጃፍ ያልፋል፤ ከሸንተረሩ ወዲያ ካረፈ ደግሞ ወደ አዩትያ ይወርዳል። ሁለቱ ከተሞች የሁለት መንግሥታት መቀመጫ ነበሩ። እንግዲህ ኬላውን በዚህ ቦታ ያቆመው ሰው ድንበሩን ከልቡ አልፈጠረውም። ውኃው አስቀድሞ ለይቶት ነበር።

ወደ ነገሥታቱ እንለፍ። (በዚህ ትምህርት የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ታይላንዶች ዓመት የሚቆጥሩት ቡድሃ ካረፈበት ጊዜ ጀምረው ስለሆነ 543 ዓመት ይጨምሩበታል፤ የእኛ 1560 በእነርሱ መዝገብ 2103 ነው።) በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በምዕራብ በኩል ቡርማ ላይ ባይናውንግ የሚባል ኃይለኛ ንጉሥ ተነሣ። በ1558 በሰሜን ያለችውን ቺያንግ ማይን ያዘ። በአዩትያ የነገሠው ማሃ ቻክራፋት የቡርማን ጦር ቀድሞም ያውቀዋል፤ በንግሥናው መጀመሪያ በተደረገው ውጊያ ንግሥቲቱን ሱሪዮታይን ያጣ ሰው ነው። በላን ሳንግ፣ ማለትም በዛሬይቱ ላኦስ፣ የነገሠው ሴታቲራት ደግሞ በልጅነቱ በቺያንግ ማይ ዙፋን ተቀምጦ ነበርና የቺያንግ ማይ መውደቅ ነገ ወደ እርሱ የሚመጣውን አሳየው። በ1560 መናገሻውን ከሉአንግ ፕራባንግ ወደ ቪየንትያን አዛወረ። በዚያው ዓመት ሁለቱ ነገሥታት ተማማሉ።

የተማማሉበት ቦታ ዳን ሳይ ነው። ከናን ወንዝና ከሜኮንግ መካከል ያለውን ስፍራ መርጠው፣ በናም ማን ዳር ባለች ጉብታ ላይ ሐውልት አቆሙ። ሥራው በ1560 ተጀምሮ በ1563 ተፈጸመ። የመሐላው ፍሬ ነገር አንዱ የሌላውን ምድር እንዳይገፋ፣ ልጆችና የልጅ ልጆችም በወዳጅነት እንዲኖሩ ነው። ሐውልቱ ፍራ ታት ሲ ሶንግ ራክ ይባላል። ቃል በቃል እንፍታው። «ፍራ» የክብር ቃል ነው። «ታት» የቡድሃ ቅሪተ አካል ማኖሪያ ተደርጎ የሚታሰብ ሐውልት ነው። «ሲ» ክቡር፣ «ሶንግ» ሁለት፣ «ራክ» ፍቅር ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ «ክቡሩ የሁለቱ ፍቅር ሐውልት» ይላል። ከጡብ ተሠርቶ በኖራ የተለሰነ፣ ወገቡ እንደ ሎተስ እምቡጥ ያበጠ፣ 30 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ነጭ ሐውልት ነው፤ የላኦስ አሠራር እንደሆነ ከቅርጹ ይታወቃል።

አሁን አንድ ተማሪ «መሐላው ምን ጠቀመ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። አዩትያ በ1569 በባይናውንግ እጅ ወደቀች። ኪዳኑን በጋብቻ ለማጽናት ወደ ሴታቲራት የተላከችው የማሃ ቻክራፋት ልጅ ቴፕካሳትሪም ቪየንትያን ሳትደርስ በመንገድ ላይ በቡርማ ሰዎች ተይዛ ተወሰደች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው በ1569 አዩትያ በተከበበች ጊዜ ሴታቲራት ጦሩን ይዞ ሊያድናት መጣ፤ ተሸንፎም ተመለሰ። መሐላ ድል አይሰጥም፤ የማለው ሰው ግን በተጠራበት ቀን ተገኝቷል። እኔ የዚህን ሐውልት ክብር የምመዝነው በዚህ ነው። አዩትያ ከዚያ በኋላ ተነሥታ እንደገና ወድቃለች፤ ላን ሳንግም ተከፋፍላለች፤ ሐውልቱ ግን አለ፤ ሰዉም ዛሬ ድረስ በስድስተኛው የጨረቃ ወር፣ ጨረቃዋ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት፣ በዓሉን ያከብርለታል።

በዓሉን የሚያከብሩት በሰም ነው። የሰም ዛፍ ይሠራሉ፤ ይኸውም በአጽቅ መልክ የተበጀ ማቆሚያ ላይ ከሰም የተዘጋጁ ስስ አበቦችን እየለጠፉ የሚያስጌጡት ነው። ይህን ይዘው መጥተው ከሐውልቱ ሥር ያኖሩታል። ብዙው ስለት ነው። የታመመ ልጅ የዳነላት እናት፣ ፈተና ያለፈ ተማሪ፣ ከወታደርነት በደህና የተመለሰ ወጣት ስለቱን ያስገባል። ስለትን ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንድ ሥርዓት ግን ማብራሪያ ይሻል። ወደ ሐውልቱ የሚወጣ ሰው ቀይ አይለብስም፤ ቀይ አበባም ይዞ አይገባም። ምክንያቱን ሲጠየቁ የአገሩ ሰዎች የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፤ ቀይ የደም ቀለም ነው፣ ይህ ቦታ ደግሞ ደም እንዳይፈስ የተማለበት ነው። ከሥርዓት ትምህርት አንጻር ይህን ልብ እንበል። የድንጋይ ጽሑፍን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ፊደሉም ያረጃል፣ ድንጋዩም ይሰበራል። ቀይ ልብስ አለመልበስ ግን ያልተማረ ሕፃንም የሚፈጽመው ነገር ነው። ጠዋት ልብስ በሚመርጥበት ሰዓት፣ ሳያውቀው፣ የ460 ዓመት መሐላ ያከብራል። ኪዳን በሕዝብ መካከል የሚኖረው እንዲህ ባለ ትንሽ ክልከላ ውስጥ ገብቶ ነው።

ከዚህ በኋላ ድንበሩን የሚያሰምሩ ሌሎች እጆች መጡ። ፈረንሳይ ቬትናምንና ካምቦዲያን ከያዘች በኋላ በ1893 የጦር መርከቦቿን ወደ ባንኮክ ልካ፣ ከሜኮንግ ምሥራቅ ያለውን የላኦስ ምድር ከሲያም ወሰደች። በ1904 በተፈረመው ስምምነት ደግሞ ከወንዙ ወዲህ ያለውም ተጨመረ፤ ዳን ሳይ በፈረንሳይ እጅ ገባ። መጋቢት 23 ቀን 1907 ሌላ ውል ተፈረመ። ሲያም ባታምባንግን፣ ሲየም ሪአፕንና ሲሶፎንን፣ ማለትም የአንግኮር ቤተ መቅደሶች ያሉበትን ሰፊ ምድር ለፈረንሳይ አሳልፋ ሰጠች፤ በምትኩም በባሕር ዳር ያለችውን ትራትንና በተራራ ላይ ያለችውን ዳን ሳይን መልሳ አገኘች። ድንበሩም በናም ሁአንግ ላይ ቆመ።

የ1560ውንና የ1907ቱን ውሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱ ወገኖች መልእክተኞቻቸውንና መነኮሳቱን ወደ ቦታው ልከው፣ በቦታው ምለው፣ በቦታው ጡብ ደርድረዋል። በሁለተኛው ጊዜ ቦታው በካርታ ላይ ያለ ስም ነበር፤ ለባታምባንግ መለወጫ ሆኖ ተቆጠረ። የናም ሁአንግ ሁለቱም ዳርቻ ሰዎች ግን አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር፣ አሁንም ይናገራሉ። የዳን ሳይ ሰው አነጋገር ከባንኮክ ይልቅ ለሉአንግ ፕራባንግ ይቀርባል። ዘመድ ወዲያ ማዶ ቀርቶ ሳለ ወንዙ ድንበር ሆነ። ውኃ የለየውን ምድር ሰዎች በመሐላ አገናኝተውት ነበር፤ አሁን ደግሞ በቀለም ተለየ።

ወደ አስተዳደሩ እንምጣ። ይህን ክፍል ቀስ ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነውና።

በጥንቱ የሲያም ሥርዓት ከተማን የሚገዛው ባላባት ነበር፤ ሹመቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። አሠራሩን «ኪን ሙዓንግ» ይሉታል፤ «ከተማን መብላት» ማለት ነው። አማርኛም «ጉልት በላ» ስለሚል የቃሉ ስሜት ለእኛ ቅርብ ነው። ገዢው ደመወዝ የለውም፤ ከገበሬው ከሚሰበሰበው ይበላል፤ የተረፈውን ወደ ላይ ይልካል። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ይህን አሠራር ለመለወጥ ተነሣ። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ጦር ከሁለት ወገን ሲገፋ፣ የማን እንደሆነ በቅጡ ያልተመዘገበ ዳር አገር በቀላሉ እንደሚወሰድ አይቷልና። በ1892 ወንድሙን ልዑል ዳምሮንግን የአገር ግዛት ሚኒስትር አድርጎ ሾመው፤ ዳምሮንግም እስከ 1915 በዚያ ሥራ ቆየ። በእርሱ ዘመን አገሩ ሁሉ በደረጃ ተደለደለ። መንደሮች ተሰብስበው ታምቦን ይሆናሉ፤ ታምቦኖች ተሰብስበው አምፎ ይሆናሉ፤ አምፎዎች ተሰብስበው ቻንግዋት ይሆናሉ። ታምቦን እንደ እኛ ቀበሌ፣ አምፎ እንደ ወረዳ፣ ቻንግዋት እንደ ክፍለ ሀገር ነው ብለን ብንይዘው ብዙ አንሳሳትም። ይህን የሚደነግገው ሕግ በ1897 ወጣ፤ በ1914 እንደገና ተጽፎ ወጣ፤ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ዳን ሳይ 10 ታምቦኖች አሉት፤ መንደሮቹም መቶ ያህል ናቸው። ቀድሞ ከዚህም ሰፊ ነበር፤ ና ሄውና ፉ ሩአ የሚባሉት ጎረቤት ወረዳዎች ከእርሱ ተከፍለው የወጡ ናቸው።

በወረዳው ውስጥ ሥልጣን በሁለት መስመር ይወርዳል፤ ሁለቱን ሳይለዩ የታይላንድን ገጠር መረዳት አይቻልም። የመጀመሪያው መስመር ከባንኮክ ነው። የወረዳው አስተዳዳሪ ናይ አምፎ ይባላል፤ ሕዝብ አይመርጠውም፤ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ይሾመዋል፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ምክትሎቹ «ፓላት» ይባላሉ። ከእርሱ በታች ያለው ግን ሹም ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መንደር «ፉ ያይ ባን» የሚባል አለቃ አለው፤ ትርጉሙ «የመንደር ትልቅ ሰው» ነው። እርሱን የሚመርጠው መንደሩ ነው። ከአንድ ታምቦን አለቆች መካከል አንዱ «ካምናን» ይሆናል። ፉ ያይ ባን የመንደሩ ሰው ሆኖ ሳለ ከመንግሥት ወርኃዊ ክፍያ ይቀበላል፤ የመንግሥትን ቃል ለመንደሩ፣ የመንደሩን ቃል ለመንግሥት ያደርሳል። በየወሩ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው መመሪያ ይሰማሉ። በማግሥቱ ማለዳ በመንደሩ መካከል በእንጨት ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። ስለ ክትባት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ጠፋ በሬ፣ ስለ ነገ ቀብር፣ ሁሉም በዚያው ድምፅ ይነገራል። ሴቶች እሳት እያነደዱ፣ ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ።

ሁለተኛው መስመር የአካባቢው ሰው ራሱ የሚመርጠው ምክር ቤት ነው። በ1994 የወጣው ሕግ ለየታምቦኑ የራሱ አስተዳደር፣ በጀትና የተመረጠ ሊቀ መንበር እንዲኖረው ፈቀደ። የመንደር መንገድ፣ የመጠጥ ውኃ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የሕፃናት መዋያ በዚህ በኩል ነው። እንግዲህ በአንድ ታምቦን ውስጥ ካምናንም አለ፣ የምክር ቤቱ ሊቀ መንበርም አለ። አንዱ ወደ ወረዳው ያያል፣ ሌላው ወደ መራጩ። ድልድይ ሲፈርስ ገበሬው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ማወቅ አለበት፤ አንዳንዴ ወደ ሁለቱም ይሄዳል።

ወረዳ ለተራ ሰው ምንድን ነው ብንል ግን መልሱ በአንዲት ደብተር ውስጥ ነው። ሰማያዊ ሽፋን አላት፤ የቤት መዝገብ ናት። በመጀመሪያ ገጿ ላይ የቤቱ ቁጥር አለ፤ ባለ 11 አኃዝ። ከዚያ እያንዳንዱ የቤቱ ሰው ከነ ባለ 13 አኃዝ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ። ልጅ ሲወለድ ይጨመራል። ሰው ሲሞት ይሰረዛል። ባንኮክ ሄዶ በፋብሪካ የሚሠራ ወጣት ስሙ ብዙ ጊዜ በእናቱ ቤት ደብተር ላይ እንደተጻፈ ይቀራል፤ በምርጫ ቀን ወደ ተራራው የሚመለሰውም ስሙ እዚያ ስለሆነ ነው። ልጅ 7 ዓመት ሲሞላው ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይወሰድና መታወቂያ ይወጣለታል። በተራራው ላይ ለሚኖረው የሞንግ ሕዝብ ይህች ደብተር የበለጠ ትከብዳለች፤ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው መሬትም፣ ሕክምናም፣ የመንቀሳቀስ መብትም ለመጠየቅ ደጅ ይጠናልና።

ሞንግን ካነሣን፣ የሚኖሩበትን የደቡቡን ዳር ሳናይ አናልፍም። ኮክ ሳቶን የሚባለው ታምቦን ሌይ፣ ፒትሳኑሎክና ፔቻቡን ሦስቱ ክፍላተ ሀገር በሚገናኙበት ተራራ ላይ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1982 ድረስ ይህ ተራራ የታይላንድ ኮሙኒስት ፓርቲ ምሽግ ነበር፤ ማዕከሉ ፉ ሂን ሮንግ ክላ ይባላል። ሦስት ክፍለ ሀገር የሚገናኝበት ቦታ ለሸማቂ ይመቻል፤ ከአንዱ ሲባረር ወደ ሌላው ይሻገራል፤ እያንዳንዱም አስተዳዳሪ «ይህ የእኔ አይደለም» ሊል ይችላል። ጥቅምት 6 ቀን 1976 ባንኮክ ውስጥ ተማሪዎች ከተጨፈጨፉ በኋላ ብዙ ወጣቶች ወደዚህ ጫካ ገቡ። በ1980 መንግሥት በትእዛዝ ቁጥር 66/2523 እጃቸውን ለሚሰጡ ምሕረት አደረገ፤ ጫካውም ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። በዚያ ዘመን፣ በ1977፣ የልዑል አልጋ ወራሹን ጋብቻ ምክንያት በማድረግ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ 21 ሆስፒታሎች በሩቅ ወረዳዎች እንዲሠሩ ተወሰነ፤ አንዱ በዳን ሳይ ነው። እነዚያ ሆስፒታሎች የተተከሉት ሐኪም በማይደርስባቸውና መንግሥት በጠመንጃ ብቻ ሊያዛቸው ባልቻለ ቦታዎች ነው። ዛሬ በዚያው ተራራ፣ ፉ ሎም ሎ በሚባለው ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ፣ በጥርና በየካቲት ሮዝ አበባ የሚያወጡ ዛፎች ይታያሉ፤ ጎብኚም ይጎርፋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሥልጣን ደረስን። ይህ በሕግ መጽሐፍ የለም። በዳን ሳይ «ቻው ፎ ኩዋን» የሚባል ሰው አለ፤ ነጭ ይለብሳል፣ ጸጉሩን አሳድጎ በነጭ ጨርቅ ይጠመጥማል። ከእርሱ ጋር «ቻው ሜ ናንግ ቲያም» የምትባል ሴት አለች። ሁለቱም የከተማዋ ጠባቂ መናፍስት የሚናገሩባቸው አፍ እንደሆኑ ይታመናል። «ሴን» የሚባሉ ወንዶችና «ናንግ ቴንግ» የሚባሉ ሴቶች ያገለግሏቸዋል። የሁለቱ ነገሥታት ሐውልት ሥርዓት በእነርሱ እጅ ነው። ናይ አምፎ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል፤ ቻው ፎ ኩዋን ግን የአገሩ ሰው ነው፤ እስኪሞትም አይዛወርም። የወረዳው ትልቁ በዓል ቡን ሉአንግ መቼ እንደሚውል የሚወስነውም የወረዳው ጽሕፈት ቤት አይደለም፤ ቀኑ ከእነርሱ ዘንድ ይነገራል፤ ብዙውን ጊዜ በሰኔ ወይም በሐምሌ ይውላል። ቀኑ ከተነገረ በኋላ የመንግሥቱ ሹም መንገድ ይዘጋል፣ ፖሊስ ያሰልፋል፣ ድንኳን ያስተክላል።

የበዓሉን ትምህርት ለመረዳት የልዑል ቬሳንታራን ታሪክ ማወቅ ያሻል። በቡድሂዝም ትምህርት መሠረት ቬሳንታራ ቡድሃ ሆኖ ከመወለዱ በፊት የኖረው የመጨረሻ ታላቅ ሕይወት ነው፤ በዚያ ሕይወት የፈጸመው ምግባርም መስጠት ነው። ዝናብ የሚያመጣውን የአገሩን ነጭ ዝሆን ድርቅ ለመታው ጎረቤት ሰጠ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ወደ ዱር አሳደደው። በዱር ሳለ ሁለቱን ልጆቹን ለለመነው ሽማግሌ ሰጠ፤ ሚስቱንም ሰጠ። በመጨረሻ ሁሉም ተመለሰለት፤ ወደ ከተማውም በክብር ገባ። ታሪኩ 13 ምዕራፍ አለው፤ በበዓሉ መደምደሚያ መነኮሳት በዋት ፎን ቻይ ገዳም በአንድ ቀን ያነቡታል፤ ሁሉንም ሰምቶ የጨረሰ ሰው ትልቅ በረከት እንደሚያገኝ ይታመናል። ይህ ታሪክ ለአንባቢ ከባድ ነው፤ ለእኔም ከባድ ነው። አባት ልጆቹን አሳልፎ ሲሰጥ ማን ዝም ብሎ ያነባል? የቡድሂስት መምህራን ግን ሕመሙን አይደብቁትም፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ የሚያሳየው ምዕራፍ ሰሚውን የሚያስለቅስ ነው፤ ትምህርቱም እዚያ ላይ ነው፤ የማይጎዳ ስጦታ ገና ስጦታ አልሆነም ይላሉ።

ቬሳንታራ ወደ ከተማው ሲመለስ ደስታው እጅግ ታላቅ ስለነበረ ከሰዎች ጋር መናፍስትም ተከትለው ወጡ ይባላል። ከዚህም «ፒ ታ ኮን» የሚባለው ጭምብል ለባሽ ሰልፍ ተገኘ። ጭምብሉን ቀርበን እንየው። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ቤት ሁሉ የሚጣበቀው ሩዝ በእንፋሎት የሚበስልበት ከቀርከሃ የተጠለፈ ቅርጫት አለ፤ «ሁዋት» ይባላል። ያረጀው ሁዋት አፉ ወደ ላይ ሆኖ እንደ ባርኔጣ ከራስ ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ የኮኮናት ዘንባባ ቅጠል ከግንዱ ጋር የሚያያዝበት ወፍራም ሥር ይሰፋል፤ ዓይንና አፍ ይቀደድበታል፤ ከእንጨት የተጠረበ ረጅም ቆልማማ አፍንጫ ይተከልበታል። ልብሱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ነው። ከወገብ ላይ የከብት ቃጭል ይንጠለጠላል። በእጅ የሚያዘው የእንጨት ሰይፍ እጀታው ብዙ ጊዜ የወንድ አባለ ዘር ቅርጽ አለው፤ በዓሉ የዝናብ መግቢያ ነውና የመራባት ምልክት ነው፤ አሮጊቶች ሲስቁበት እንጂ ሲያፍሩበት አይታይም።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ግን በጨለማ፣ በጸጥታ ነው። ገና ሳይነጋ ሰዎቹ ወደ ናም ማን ይወርዳሉ። ኡፓኩት የሚባል ቅዱስ መነኩሴ በውኃ ውስጥ እንደሚኖርና ሲጠሩት መጥቶ በዓልን ከክፉ እንደሚጠብቅ ያምናሉ። አንድ ሰው ወንዙ ውስጥ ጠልቆ ድንጋይ ያወጣል፤ ከፍ አድርጎም ኡፓኩት ይህ ነውን ብሎ ይጠይቃል። በዳር የቆሙት አይደለም ይላሉ። ሁለተኛ ያወጣል፤ አይደለም ይላሉ። ሦስተኛውን ሲያነሣ አዎን ይላሉ። ያ ነጭ ድንጋይ በክብር ተይዞ ወደ ገዳሙ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ነው ቃጭሉ የሚጀምረው፣ ርችቱ የሚተኮሰው፣ ሕፃናት ከየቤቱ ጭምብል ለብሰው የሚወጡት።

በሰልፉ ውስጥ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚሆኑ፣ ከቀርከሃ የተሠሩ አንድ ወንድና አንድ ሴት ትላልቅ ምስሎች አሉ። እነዚህን መሥራት የሚፈቀድለት ከመናፍስቱ ፈቃድ ያገኘ ሰው ብቻ ነው። በዓሉ ሲያልቅ ማንም ወደ ቤቱ አይወስዳቸውም። ወደ ወንዙ ዳር ተሸክመው ያመጧቸውና የዓመቱ ክፉ ነገር አብሮ እንዲሄድ ናም ማን ውስጥ ይጥሏቸዋል። የሰኔ ውኃ ሞልቷል። ቀርከሃው ፈራርሶ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ ወደ ፓክ ማን፣ ከዚያ ወደ ናም ሁአንግ፣ ከዚያም በላኦስ ዳርቻ በኩል ወደ ሜኮንግ።